እሺ ማለት የተማርንበት ምድር ቤት

ባለፈው ሰሞን እዚህ ኦስሎ፣ ላምበርትሴተር ሰፈር ከባቡር ጣቢያው ወጥቼ ወደ ጥርስ ሐኪሜ ሳዘግም፣ የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት በር ተከፈተና ሽታው ፊቴን መታኝ። ኖርዌዮች ወለል የሚያጥቡበት የዚያ አረንጓዴ ሳሙና ሽታ፣ ከሥሩ ደግሞ ማሞቂያ ላይ የተሰጣ እርጥብ ካፖርት። ባለሁበት ቀጥ አልኩ። ጥርሴንም ረሳሁት። ብስክሌቱን እየገፋ የወጣው ጎረምሳ አሮጊት በር ላይ ተገትራ ቢያይ ጊዜ በሩን በጀርባው ደግፎ ይዞ፣ መግባት እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሳላቅማማ «ያ» አልኩት። «ያ» በኖርዌይኛ አዎም ነው፣ እሺም ነው፤ አፉን የፈታ ሕፃን ሁሉ የሚለው ቃል ነው። እኛ ግን ይህችን ቃል በጊዜዋ ለማለት በዚያ ምድር ቤት ውስጥ ስንትና ስንት እሁድ እንደፈጀብን ለልጁ ብነግረው ጤነኛ ናት አይለኝም።

ገብቼ አየሁት። አሁን የብስክሌትና የበረዶ መንሸራተቻ ማስቀመጫ ሆኗል። ነጩ ሰሌዳችን የነበረበት ግድግዳ ላይ ቀዳዳዎቹ እንዳሉ አሉ። ያኔ እዚህ የጀመርነው የሐበሾች ማሠልጠኛ ማዕከል ዛሬ ሌላ ሰፈር ትልቅ አዳራሽ አለው፣ ቢሮ አለው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች እየመጡ ፎቶ ይነሱበታል። ታሪኩን የሚናገሩት ወጣቶችም ከአዳራሹ ነው የሚጀምሩት። እኔ ከምድር ቤቱ ነው የምጀምረው፤ የሚከፋው ካለ ይክፋው።

ዘመኑን በዓመተ ምሕረት አትጠይቁኝ። ስልክ ታጥፎ ቷ ብሎ የሚዘጋበት፣ ሰው ሲናደድ መዝጋቱ ራሱ አንጀት የሚያርስበት ዘመን ነበር። ሀገር ቤት ለመደወል ግሮንላንድ ሰፈር ካሉት ሱቆች ካርድ ገዝተን በጥፍራችን እንፍቃለን፤ ገና የዘመድ ጤና ጠይቀን ሳንጨርስ አንዲት ሴትዮ ደቂቃችሁ አልቋል ትለናለች። ወጣቶቹ ሱሪያቸውን ከወገባቸው ዝቅ አድርገው፣ ልጃገረዶቹ ደግሞ መዳፍ የሚያህል ቀበቶ ሸሚዛቸው ላይ አስረው ይሄዱ ነበር። ልጄ ሊያ ራሷ አንድ ወርቃማ ቀበቶ ነበራት፤ ፈረስ የምትጭን ትመስላለች እያልኩ አበሽቃታለሁ። ግሩነርሎካም እንዲህ ባለገንዘብ ብቻ የሚኖርበት ሰፈር አልሆነም ነበር። ከትራሙ ፌርማታ ጥግ የአሮጌ ልብስ ሱቅ ነበር፤ እዚያ የገዛሁት የሱፍ ካፖርት እስከ ዛሬ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ። ዛሬ በዚያ ጥግ ቡና ቤት ተከፍቷል፣ ባለፈው ገብቼ የአንድ ስኒ ዋጋ ስሰማ የካፖርቴን ዋጋ መስሎኝ ነበር።

ምድር ቤቱን ያገኙልን ጋሽ ግርማ ናቸው። ሀገር ቤት የመንገድ ቀያሽ ነበሩ፣ ኦስሎ መጥተው ትራም ነጂ ሆኑ። ሕንፃው ላይ ይኖሩ ስለነበር የነዋሪዎቹን ማኅበር ለምነው አስፈቀዱ፤ ውሉም አንድ ብቻ ነበር፣ ወለሉን አጥባችሁ ውጡ የሚል። እኔ አዲስ አበባ ፒያሳ የታይፕ ማሠልጠኛ አስተማሪ ነበርኩ። ስንት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ በእጄ ወጥቷል። እዚህ መጥቼ አረጋውያን ስንከባከብ ስኖር ሥራውን አልጠላሁትም፣ ግን ሰሌዳ ፊት መቆም ናፍቆኝ ሊገድለኝ ነበር። ጋሽ ግርማ ቁልፉን ሲያሳዩኝ ስለ ክፍሉ ስፋት አልጠየቅሁም፣ ስለ ብርሃኑም አልጠየቅሁም። ሰሌዳ የሚሰቀልበት ግድግዳ አለው ወይ ነው ያልኩት።

አሠራራችን የትም ያላየሁት ነው። አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው ያንን ያስተምራል፣ ሲጨርስ ተማሪ ሆኖ ይቀመጣል። ሆስፒታል የሚሠራው ወጣት ሐኪም ለጤና ረዳትነት ፈተና የሚዘጋጁትን አስጠንቶ ሲያበቃ፣ ራሱ የመንጃ ፈቃድ ሕግ ሊማር ጋሽ ግርማ ፊት ይቀመጣል። ጋሽ ግርማም መስቀለኛ መንገድ ሰሌዳው ላይ ይስሉና፣ ዶክተር እስቲ ቅድሚያ የማን ነው እያሉ ላብ በላብ ያደርጉታል። ለማስተርስ የመጡት ልጆች አንድ ትምህርት ቤት የጣላቸውን ኮምፒውተሮች ጠጋግነው ኮምፒውተር ያስተምራሉ፤ እኔ ደግሞ እነሱን በዐሥሩም ጣት መጻፍ አስተምራቸዋለሁ። የተማረውም ያልተማረውም በአንድ ወንበር ላይ በተራ ይቀመጥ ነበር። መጨረሻ ላይ ሁላችንም እጅጌያችንን ሰብስበን ወለሉን እናጥባለን፣ ጋሽ ግርማ መወልወያቸውን ይዘው የድሮ ትዝታ ያንጎራጉራሉ፤ ድምፃቸው መጥፎ ነበር፣ ግን ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል።

ደግሞ አንድ ጥቁር ኮት ነበረን። ከዚያው ከግሩነርሎካ ሱቅ ያገኘሁት፣ ገበሩ ሐር የመሰለ፣ ቁልፎቹ ሁሉ ያሉ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምትሄድ ሴት ሁሉ እሱን ለብሳ ትሄዳለች። ወፈር ያለችው ሳትቆልፈው ትሄዳለች፣ የቀጠነችውን ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ እንይዝላታለን። ያ ኮት የገባበትን መሥሪያ ቤት እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አልገባሁበትም።

ከእኛ ሌላ አንዲት ኖርዌያዊት ነበረች፣ ኢንግሪድ የምትባል ጡረታ የወጣች አስተማሪ። ቋንቋ ልታስተምረን በገዛ ፈቃዷ መጣች። ትልቅ ሴት በባዶ ስሟ መጥራት ሲተናነቀን ተማሪዎቹ ሁሉ «እትዬ ኢንግሪድ» አሏት፤ እሷም ማዕረግ መሆኑን ስትሰማ ቤተሰቦቿን ሳይቀር እንዲህ ጥሩኝ አለች አሉ። መጀመሪያ ሰሞን በየሳምንቱ የልብ ቅርጽ ያለው ዋፍል ጋግራ፣ በጨርቅ ሸፍና፣ ከነጃሙ ይዛ ትመጣ ነበር። ሳህኑን ይዛ ትዞራለች፤ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ናይ ናይ፣ አመሰግናለሁ» ይላል። «ናይ» ያው አይ ማለት ነው። እሷም እሺ ብላ ታልፋለች። ከዚያ ሳህኑን እንደ ሞላ ይዛ ትመለሳለች። እኛ ደግሞ ሳህኑ ሲርቅ በዓይናችን እየሸኘን፣ ፈረንጅ እንዴት ጨካኝ ነው እንላለን። ትንሽ ቆይታ ዋፍሉን ተወችው። ለምን እንደ ተወችው እኛም አልጠየቅናት፣ እሷም አልነገረችን።

እንዲህ ባለው ሰሞን ነው አስካለ የመጣችው። አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ቀጭን፣ ስትናገር ድምፅዋ ጎረቤቷ ጋ የማይደርስ ሴት። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ሲታመም ወይም ሲቀር እየተጠራች ትሠራ ነበር፤ ስልኳ ከጠራ ትሄዳለች፣ ካልጠራ ቤቷ ትቀመጣለች። ልጇን ቤዛዊትን ደሴ እህቷ ጋር ትታ ነው የመጣችው። ልጅቷን ለማምጣት ደግሞ እናትየዋ ቋሚ ሥራ ያላት መሆን አለባት፣ ማመልከቻውም ልጅቷ ዐሥራ ስምንት ሳይሞላት መግባት አለበት። ካለፋት እንደ ልጅ አትቆጠርም፣ በቃ። ቤዛዊት ደግሞ በሚመጣው ጸደይ ዐሥራ ስምንት ይሞላታል። ሁላችንም ይህን እናውቅ ነበር፤ አስካለ ስለ ሌላ ነገር ስታወራ እንኳ ይኸው ነበር የሚሰማን። የጤና ረዳትነቱን ፈተና ስታልፍ ምድር ቤቱ በእልልታ ተናጋ፣ ላይ ያሉት ጎረቤቶች ወርደው ምን ሆናችሁ አሉን።

አንድ እሁድ ፊቷ በርቶ መጣች። ምን ተገኘ ስላት ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ። የክፍሉ ኃላፊ ቢሮዋ ጠርታ፣ ሙሉ ቋሚ ቦታ ተከፍቷል፣ ብንሰጥሽ ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ ጠይቃታለች። አንቺስ ምን አልሽ አልኳት፣ ልቤ እየዘለለ። እሷም፣ ኧረ ናይ ናይ፣ ለኔ ብላችሁ አትቸገሩ፣ ከኔ የሚብስ ሰው አይጠፋም፣ ለሱ ስጡት ማለቷን ነገረችኝ፣ በወጉ ያደገች ሰው እንደምትለው። ኃላፊዋም በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ ብላ እጇን ጨብጣ ሸኘቻት። አስካለ ነገሩ ሁሉ እንዳለቀ ቆጥራዋለች። ነገ ደግማ ስትጠይቃት እሺ ልትል ነው።

«መቼም እትዬ የሺ፣» አለችኝ ሳቅ እያለች፣ «ገና አንዴ ሲጠሩት ዘሎ የሚገባ ሰው ምን ይባላል?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ግርማ፣ ደግ አደረግሽ፣ ይዩሽ አሏት። ልጄ ሊያ ብቻ እስክሪብቶዋን ጣለች። እሷ ኦስሎ ተወልዳ ያደገች፣ ያኔ ለነርስነት የምትማር ልጅ ናት፤ ለኢንግሪድ እያስተረጎመች አጠገቧ ተቀምጣ ነበር።

«ደግማ አትጠይቃትም እኮ ማሚ!» አለች። «ናይ ካለቻት ናይ ነው። ፋርዲግ፣ አለቀ!»

ይህቺ ልጅ ስድ አደግ ሆነች ብዬ ልቆጣት አፌን ስከፍት ኢንግሪድ ምን ተፈጠረ አለች። ሊያ አንድ ሳታስቀር ተረጎመችላት። ኢንግሪድ ፊታችንን አንድ በአንድ አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀች። ዋፍሌንም ትወዱት ነበር ማለት ነው? ሊያ ተረጎመችልን። ጋሽ ግርማ መሬት መሬት አዩ። እኔ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ በስተኋላ ደግሞ ድንጋጤው መጣ፤ ሳህኑ ሞልቶ ሲመለስ ያየሁት ነገር የአስካለ ልጅ ላይ ሊደርስ ነው አልኩ በልቤ። አስካለ ግን ገና ነገሩ አልገባትም ነበር። በማግስቱ ኃላፊዋን ሄዳ ብትጠይቃት፣ ቦታውን አንቺ አልፈለግሽውምና ለሌላ ሰው ሰጠነው አለቻት። ቤቴ መጥታ ያለቀሰችውን ለቅሶ አልረሳውም። በራሴ አፍ ልጄን መለስኳት፣ በራሴ አፍ፣ እያለች ነበር የምታለቅሰው።

እኔ ስናደድ አልተኛም። በሚቀጥለው እሁድ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «አንዴ ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል ውስጥ ሰው የሚጠየቀው አንዴ ብቻ ነው፣ ግድ የለም፣ በሞቴ፣ እኔን ብለህ የሚባል ነገር የለም አልኩ። ኢንግሪድም ዋፍሏን ጋግራ መጣች፣ ፊቷን እንደ ፈታኝ ኮስተር አድርጋ። ሳህኑን ይዛ ዞረች። ሰው እንዴት ይቻለው! አፉ ናይ ሲል ዓይኑ ሳህኑ ላይ ነው። «ያ» የሚል ሰው ካልተገኘ ሳህኑ ይመለሳል። ጋሽ ግርማ ስንት እሁድ ጦማቸውን ወለል ወለወሉ፤ አንድ ቀን ተማርረው፣ ያ! ብለው ሲጮኹ ኢንግሪድ ሳህኑን ልትጥለው ነበር። ከዚያ በኋላማ የሚያቆማቸው ጠፋ፣ የሌላውን ድርሻ ሁሉ ያ ያ እያሉ ይጠርጉት ጀመር።

ዋፍሉን ከተወጣን ወደ ከባዱ ገባን፣ ራስን ማመስገን። ሊያ አለቃ ሆና ከጠረጴዛው ኋላ ትቀመጣለች፣ በዚያ ወርቃማ ቀበቶዋ። አንቺ በምን ጎበዝ ነሽ ብላ ትጠይቃለች። አስካለ ጥቁሩን ኮት ለብሳ ፊቷ ትቀመጥና ጣቷን እያፍተለተለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ይላሉ ትላለች። ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብላ ያደገች ሰው ምን ታድርግ። እኔ ግን ትዕግሥት የለኝም።

«እግዚአብሔር ድሮም ሥራ አለው፣» አልኳት። «ሥራ የምትፈልጊው አንቺ ነሽ። ስለራስሽ ንገሪኝ።»

ሳቁ ሲያልፍ እንደገና ሞከረች። እንደገና አቃታት። አንድ ቀን ሐኪሙ ልጅ ተቀምጦ ሲሰማ ቆይቶ፣ አስካለ ሥራ ላይ ምን ታደርጊ እንደነበር ብቻ ንገሪን፣ ማመስገኑን እኛ እናመሰግንሻለን አላት። ያኔ ስለ አሮጊቶቿ ማውራት ጀመረች፤ የማን ጉልበት በየትኛው በኩል እንደሚያም፣ ማን ውሃ ሲነካት እንደምትደነግጥ። በወሬው መሐል ድምፅዋ ከፍ እያለ ሄደ። ኢንግሪድ ቃላቱን እያረመች አስጠናቻት፣ እኔም ኮቱን ተኮስኩ።

በረዶው ሳይለቅ ከዚያው መጦሪያ ሌላ ቋሚ ቦታ ወጣ፣ አሁን ግን በማስታወቂያ፣ ከብዙ ሰው ጋር በውድድር። ቃለ መጠይቁ ማዮርስቱን በሚባል ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ ነበር። አብሬያት ሄድኩ። እሷ ስትገባ እኔ ከጣቢያው ፊት ለፊት ዳቦ ቤት መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ አንዲት የበረደች ሻይ እያማሰልኩ፣ እነዚያ ባለጠጋ የምዕራብ ሰፈር እመቤቶች በረጃጅም ካፖርታቸው ሲያልፉ እቆጥራቸው ነበር። ለራሴ እንኳ ያን ያህል ጸልዬ አላውቅም። ስትወጣ የሆነውን ነገረችኝ። ለምን አንቺን እንመርጣለን ብለው ጠየቋት፤ ወደ መሬት አየች፣ የለመደችው ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ከዚያ ልጇ ፊቷ ድቅን አለችባት። ያለችውን በራሷ አፍ ደገመችልኝ።

«እኔ ጎበዝ ሠራተኛ ነኝ አልኳቸው። አሮጊቶቹ ሌላ ሰው ሲያጥባቸው ያለቅሳሉ፣ እኔ ሳጥባቸው ይዘፍናሉ። ሥራውን እፈልገዋለሁ።»

መንገድ ላይ አቅፌ ሳምኳት። ምን አሉሽ ስላት እንደውልልሻለን አሉኝ አለች። እንደዚያ ያለ ሳምንት አይምጣ። በሳምንቱ አንድ ማታ የኮምፒውተር ትምህርት ላይ እያለን ስልኳ ጮኸ። ከፈተችው። ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ጣት አልነበረም። የደወለችው ሴትዮ ድምፅ እንደ ትንኝ ይሰማናል፣ ቃሉ ግን አይለይም። እንደሚመስለኝ ሴትዮዋ ገና ጥያቄውን አልጨረሰችም፣ አስካለ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ያ!» አለች። «ያ፣ እፈልጋለሁ! ያ፣ ነገ እመጣለሁ!»

ያቺ ድምፅዋ ጎረቤቷ ጋ የማይደርስ ሴት ናት ይህን ያለችው። ጋሽ ግርማ መወልወያውን ወርውረው እስክስታ ወረዱ። ሊያ አለቀሰች፣ ሐኪሙ አለቀሰ፣ እኔ ማልቀስ አልወድም፣ ግን አለቀስኩ። ማመልከቻው የልጅቷ የልደት ቀን ሳይደርስ ገባ። ዛሬ ሰዎች ስለ ማዕከሉ ሲናገሩ ስንት ሰው አሠለጠናችሁ፣ ስንት ሰው ሥራ ገባ ብለው ይጠይቁኛል። አላውቅም። ቁጥር የሚያውቁት ቢሮ ያሉት ናቸው። እኔ የማውቀው ከዚያች ማታ በኋላ አንድም ተማሪያችን ሥራ ሲሰጡት አይ ብሎ እንዳልተመለሰ ነው።

ወረቀቱ ተራውን ጠብቆ፣ እኛም ስንሰጋ ስንጸልይ ከርመን፣ ቤዛዊት በበጋው መጣች። ምድር ቤቱ ያለው ሰው በሙሉ ጋርደርሞን አውሮፕላን ማረፊያ ወጣ። ኢንግሪድ የክት ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ኖርዌዮቹ ሰው ሲቀበሉ ትንንሽ ባንዲራ ይዘው ይቆማሉ፣ ጸጥ ብለው፣ በመስመር። እኛ ጸጥ ማለቱን ለመድነው ብለን ቆመን ነበር። በሩ ተከፈተና አንዲት ረጅም ልጅ ሻንጣ እየጎተተች ወጣች፤ እናቷን በቁመት በልጣታለች። አስካለ አልሮጠችም። ባለችበት ቆማ፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ጣራው እስኪሰነጠቅ እልል አለች። እኛም ተቀበልናት። ፖሊሱ ዞሮ አየን፣ ባንዲራ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩን። አጠገቤ የቆመ አንድ ሽማግሌ ኖርዌያዊ በመገረም ወደ እኔ ጠጋ አለና፣ ምን ውድድር አሸንፋችሁ፣ ምን አግኝታችሁ ነው አለኝ።

«ልጃችንን» አልኩት።